ኃይሉን የሚገዛ አውሬ፦ ጠባቂው አንበሳ ከገድል ግድግዳ እስከ ልጆች መደርደሪያ

በአዲስ አበባ ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ብዙዎቹ የቅዱሳን ሥዕል ይለጠፍባቸዋል። ከእነዚህ መካከል ሕፃናት ዓይናቸውን የሚተክሉበት አንድ ሥዕል አለ። ገላቸውን ነጭ ጸጉር የሸፈነው አባት እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል። በቀኝና በግራቸው አንበሶችና ነብሮች ተሰልፈዋል፤ አንዲት ጥቁር ወፍ ወደ ዓይናቸው ተጠግታለች። ሥዕሉ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሕዝቡ «አቦ» ይላቸዋል። ታቅፎ የተቀመጠ ልጅ በጣቱ የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ከጻድቁ ይልቅ ወደ አንበሶቹ ነው።

በጥፍሩ ሊቦጫጭቅ የሚችል ሥጋ በል አውሬ ስለ ምን ቆሞ ይጠብቃል? ምን ዓይነት ጠባይ ቢኖረው ነው ልጅ ሊሸሸው ሲገባ ሊጠጋው የሚመኘው? የዓለም የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ አንሥቶታል። ሩድያርድ ኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው የጫካ መጽሐፉ፣ ጥቁሩ ነብር ባጊራና ድቡ ባሉ ሞግሊ የተባለውን የሰው ልጅ አስተምረው ያሳድጉታል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ባወጣቸው ሰባት የናርንያ መጻሕፍት አስላን የተባለውን አንበሳ የአገሪቱ ጌታና ጠባቂ አደረገው። ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ቶቶሮ የተባለውን ግዙፍ የደን ፍጡር ለሁለት እህትማማቾች ጎረቤት አድርጎ በፊልም አመጣው። የዚህ ጠባይ ጥንታዊ ሥዕል ግን በእኛም እጅ አለ። ለልጆቻችን በሚያነቡት መጽሐፍ አዘጋጅተን አላደረስንላቸውም እንጂ።

ከፊሳልጎስ የተወረሰው እስትንፋስ

ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው። የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ሲሆን ስለ እንስሳትና አዕዋፍ ጠባይ እየተናገረ ከእያንዳንዱ መንፈሳዊ ምሥጢር ያወጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሆመል የግእዙን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳትሞታል። መጽሐፉ በአንበሳ ይጀምራል፤ ሦስት ጠባዮችም ይሰጠዋል። አዳኝ ሲሸተው ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል። ሲተኛ ዓይኑ ይነቃል። እንስቲቱ ግልገሏን ሙት አድርጋ ትወልዳለች፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ትጠብቀዋለች፤ ያን ጊዜ አባቱ መጥቶ ፊቱ ላይ እፍ ሲልበት ሕይወት ይዘራል።

የናርንያን የመጀመሪያ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነቃል። አስላን በበደለ ልጅ ፈንታ ራሱን ለሞት ይሰጣል፤ ጎሕ ሲቀድም ይነሣል፤ ከዚያም ጠንቋይቱ ወደ ድንጋይ የለወጠቻቸውን ፍጡራን በእስትንፋሱ ሕያው ያደርጋቸዋል። ሉዊስ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ የመካከለኛውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ምሁር ስለነበረ ይህ የእንስሳት ትምህርት ለእሱ እንግዳ አልነበረም። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ያንኑ ትምህርት በብራና ከያዙት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኗል። አስላን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የቅርብ ዘመድ የሚመስለው ሥሩ አንድ ስለሆነ ነው።

የገድሉ አንበሳ

ፊሳልጎስ የአንበሳን ምሥጢር ከሰጠን፣ አንበሳ ከሰው ጋር ሲኖር ምን እንደሚመስል ያሳዩን ገድላቱ ናቸው። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ትውፊት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ጻድቁን ይከተሏቸው ነበር፤ ምግባቸውም የጻድቁ እግር ትቢያ ነበር። ጥቁሯ ወፍ በውኃ ጥም ስትቃጠል ከዓይናቸው እንባ ጠጥታለች። ከቦሌ በደቡብ በኩል ያለው የዝቋላ ተራራ ይህን ትውፊት እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ብዙ የከተማችን ሰው ወደ ተራራው ይወጣል።

የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ጀርባ ተቀምጠው ይሣላሉ። ከውጭ ከመጡት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው እንደሆነ ይተረካል። ዛሬም ወደዚያ ገዳም የሚወጣው በጠፍር እየተሳቡ ነው። ኅዳር 8 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አርባዕቱ እንስሳን ታከብራለች፦ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህምና ገጸ ንስር፤ የመለኮትን ዙፋን የሚሸከሙት። እንደ አባቶች ትምህርት ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይለምናሉ። ልጅ በአንድ ትምህርት ውስጥ ሰማያዊውንም ጠባቂ ምድራዊውንም አውሬ አብሮ ያገኛቸዋል ማለት ነው።

እነዚህን ሥዕሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው የጠባቂውን አውሬ ጠባይ ያነባል። ሠዓሊው የአንበሳውን ጥፍር አይሰውርም፤ ጥርሱንም አያሳንስም። ኃይሉ እንዳለ ነው፤ ግን በፈቃዱ ተገዝቷል። ራሱን ዝቅ ያደረገው በገመድ ታስሮ አይደለም፤ ከእሱ በላይ የሆነ ቅድስና ስላየ ነው። ሕፃኑ «ይህ አንበሳ ይበላኛል?» ቢል እናቲቱ «አቦ ካሉ ምን ያደርግሃል!» ትለዋለች። ልጁ በዚያች አጭር መልስ ኃይል የሚያስፈራው ጌታ ሲያጣ መሆኑን ይማራል።

ዘውድ የጫነው አንበሳ

መንግሥታችን ለዘመናት አንበሳን ለራሱ ወሰደው። ነገሥታቱ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለገሐር ቆመ፤ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወሰደው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለ ወጣት በዚያ ከተማ አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በመጡ ጊዜም ጎራዴውን መዝዞ ሰዎችን አቆሰለ። እስከ ሞቱም ከጣሊያኖች እጅ አልወጣም። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችን ታሪክ ሰው ለአንበሳ ምስል ነፍሱን አሳልፎ ሲሰጥ ያየነው በዘርዓይ ነው፤ ተጠባቂው ለጠባቂው ሲሞትለት።

እ.ኤ.አ. በ1955 ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠራው አንበሳ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ቆመ። በቦሌ የሚያርፉት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖችም ለረዥም ዘመን ከአብራሪዎቹ ክፍል አጠገብ አንበሳ ይሣልባቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ከሰንደቅ ዓላማው አንበሳ ላይ ዘውዱን አወረደ፤ ቀጥሎም አንበሳውን ራሱን አነሣ።

የመንግሥት አንበሳና የገድል አንበሳ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዘውድ ጭኖ ይቆማል፤ ሁለተኛው ያለ ዘውድ በእግር ሥር ይተኛል። አንደኛው ለሥልጣን ክብር ይሰጣል፤ ሌላው ለደካማ ጥላ ይሆናል። ልጆች የሚወዱት ሁለተኛውን ነው።

አያ አንበሶ ፍርድ ሲያጣምም

በምድጃ ዳር ተረት ግን ነገሩ ይለወጣል። አያ አንበሶ በተረታችን ጠቢብ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአንዱ ተረት አንበሳ በሬ አለው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ላም አለው። ላሚቱ ስትወልድ አንበሳ «የወለደው የእኔ በሬ ነው» ብሎ ጥጃውን ይወስዳል። አራዊቱ ለፍርድ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ጥፍሩን እያዩ ለአንበሳ ይፈርዳሉ። እመት ጦጢት ዘግይታ ትመጣና አባቷ ምጥ ይዞት እንደቆየች ትናገራለች። አንበሳው «ወንድ እንዴት ያምጣል?» ሲል በገዛ አፉ ይረታል። ዛሬም ቱባ ውሸት ስንሰማ «በሬ ወለደ» የምንለው ከዚሁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌም በዚሁ መንፈስ የተነገረ ነው።

በሌላው የታወቀ ተረት አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇን ፍቅር ፈልጋ ወደ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ከሕያው አንበሳ ጸጉር ነቅላ እንድታመጣ ያዟታል። በየቀኑ ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየቀረበች፣ በመጨረሻ ትነቅላለች። ሽማግሌው ልጁንም በዚሁ ትዕግሥት እንድትቀርበው ይመክሯታል። እዚህ አንበሳው አንድ ቃል ሳይናገር መምህር ሆኗል። ይህ ተረት ወደ ውጭ ቋንቋም ተሻግሮ ብዙ አንባቢ አግኝቷል።

ስለዚህ ሁለት አንበሳ አለን፤ አንዱ በኃይሉ የሚበድል፣ ሌላው ኃይሉን የሚገዛ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ያደግን ሁሉ የመጀመሪያውን በደንብ እናውቀዋለን። ሁለተኛው ግን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀረ።

የቢታ ገነት ሰኔ

ሰኔ 1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከከፋዋ ቢታ ገነት የወጣ ወሬ ዓለምን አዳረሰ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ተጠልፋ ለአንድ ሳምንት ያህል ስትደበደብ ቆይታለች። ፖሊስ እንደተናገረው ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባርረው ፖሊስና ዘመድ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል ከአጠገቧ ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ጫካቸው ተመለሱ። የዱር አራዊት ባለሙያ ደግሞ የልጅቱ ለቅሶ የግልገል ድምፅ መስሏቸው ሊሆን እንደሚችል አስረዳ።

ከሁለቱ ንግግር የትኛውንም ብንቀበል አንድ ነገር እውነት ሆኖ ይቀራል። ያቺ ልጅ ጠባቂ ያስፈለጋት ሰዎች ስለበደሏት ነው። አገሩ ወሬውን በደስታ የተቀበለውም ጠባቂው አንበሳ በልቡ ቀድሞ ስለነበረ ነው። የጠባቂውን ትልቁን ጠባይ በዚህ ታሪክ አየነው፦ ያለ ጥሪ መጣ፣ ደካማዋን ከለለ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ሄደ። አስላንም በመጽሐፎቹ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ልጆቹን ከጉድ ያወጣል፣ ሥራቸውን ግን አይሠራላቸውም፤ በፈቃዱ ይመጣል፣ በፈቃዱ ይሄዳል።

ከሾላ እስከ ቦሌ

ልጅ ይህን ጠባይ በራሱ ቋንቋ አንብቦ የሚያገኝበት ቦታ የት ነው? የመጀመሪያው እርምጃ የተጀመረው እዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በቀጣዩ ዓመት የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅታቸው በአዋሳ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። አህያ ዘውድም ገድልም የላትም። ሆኖም የሠፈሩ ልጆች ወጥተው የሚጠብቋት፣ መጽሐፍ የምታመጣላቸው እንስሳ ሆነች፤ በሕያው ሥጋ የመጣች የልጆች ባለውለታ።

ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቋቋመችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ተወለደ። ፀሐይ ስድስት ዓመቷ የሆነ ቀጭኔ ናት። እሷ ራሷ ልጅ ስለሆነች አትጠብቅም፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ እጇን መታጠብ ትማራለች። ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች፤ ሽልማቱም ይገባታል። ከእንስሳ ጋር እኩያ ሆኖ መማር ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ግን እኩያ ብቻ አይበቃውም። ሌሊት ሲፈራ፣ ሲበደል፣ ቤቱ ሲረበሽ፣ ከእሱ የሚበልጥና የማይበድለው ኃይል እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል።

ይህን ፍላጎቱን የቦሌ ልጅ ዛሬ የሚሞላው በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ሥራ ነው። ከሲኒማ ቤት ወይም ከስልኩ የውጭ አንበሶችን ያገኛል። በዚያው በቦሌ ግን ታላቁ የመድኃኔዓለም ካቴድራል አለ፤ ኅዳር 8 ሲደርስ የአራቱ እንስሳ ስም በቅዳሴ ይነሣል። ሁለቱ በአንድ ሠፈር ናቸው፤ የሚያገናኛቸው መጽሐፍ አጣን።

ለጸሐፊዎቻችንና ለአሳታሚዎቻችን

ይህ ቅኝት የሚያደርሰን ፍርድ ይህ ነው፦ ለልጅ የሚጠቅም ጠባቂ አውሬ ጥፍሩን አላጣም፣ ጥፍሩን ግን በደካማ ላይ አያነሣም፤ ከእሱ በላይ ላለው ይገዛል፤ ልጁን ያድነዋል እንጂ አይተካውም። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ጠባቂው ወይ አያ አንበሶ ይሆናል፣ ወይ የመኝታ አሻንጉሊት።

ሥዕሉ፣ ገድሉ፣ ፊሳልጎሱ፣ ተረቱ፣ የቢታ ገነት ታሪክ ሁሉ በእጃችን ነው። ገድሉን ማሾፊያ ሳናደርግ፣ ስብከትም ሳናደርገው፣ ልጅ በማታ መብራት የሚያነበው ጥሩ የአማርኛ ልብ ወለድ ማድረግ ይቻላል። ጸሐፊዎቻችን ይጻፉት፣ ሠዓሊዎቻችን ጥፍሩን ሳይሰውሩ ይሣሉት፣ አሳታሚዎቻችን አንድ ወላጅ በሚችለው ዋጋ ያውጡት። እስከዚያው ድረስ፣ ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ በታክሲ ውስጥ ወደ አንበሳው ሥዕል ባመለከተ ቁጥር ታሪኩን አንተ ንገረው።