የሐረር ቡናና የአየር ንብረት ለውጥ

የሐረር ቡና በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ የሚመረት፣ ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ የአረቢካ ቡና ነው። አካባቢው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገሮች ይልቅ ደረቅ ስለሆነ የሙቀት መጨመርና የዝናብ መዛባት ቀድሞ ይጎዳዋል።

ንግዱ

ወደ ሐረር ከተማ የገባው ቡና ቀድሞ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይጫን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ግን ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ስጋቱ

እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ፕላንትስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ሐረር በብርቱ ከሚጎዱት ተርታ ነው። ቡና ወደ ከፍታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ በአገር ደረጃ የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ እንደሚሰፋም ጥናቱ ይገልጻል። በሐረርጌ ግን ማሳው ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው፤ በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጠው ጫትም መሬትና ውሃ ይሻማል። የአካባቢው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

መላው

ስለዚህ የሐረርጌ ገበሬ ድጋፍ የሚያስፈልገው በያዘው ማሳ ላይ ነው። በተዳፋት ላይ እርከን አፈርና ጎርፍ ይይዛል፤ በግንዱ ዙሪያ የሚነጠፍ የማሽላ አገዳ ጉዝጓዝ እርጥበት ያቆያል፤ እንደ ዋንዛ ያለ የጥላ ዛፍ ቀትሩን ያበርዳል። ያረጀ ቡና ይጎነደላል፦ ከለቀማ በኋላ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይቆረጣል። ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስቱ ይቀራሉ። ዛፉ እስኪያፈራ ጥቂት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ገበሬው ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጎነድልም፤ በተራ ይከፋፍለዋል። የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለሐረርጌ የሚስማሙ የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል።

ይህ ሁሉ ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድካሙም በዋጋ መካካስ አለበት። ኢትዮጵያ የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስጠበቅ የጀመረችው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር በተደረሰ ስምምነት ዕውቅና አግኝቷል። ስሙ የሚያስገኘው ዋጋ ገበሬው እጅ ካልደረሰ ግን ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከሉ ያዋጣዋል።