ተቆጥሮ የማያልቅ ትናንት

ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ በአቴና ፍልስፍና ማስተማር እንዲቆም ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ529 ነው። በዚያው ዓመት፣ ከባሕር ማዶ በእስክንድርያ፣ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ክርስቲያን ሊቅ አንድ የሙግት መጽሐፍ ጻፈ። የሚሟገተው ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ከሆነው ከአቴናው መምህር ከፕሮክሎስ ጋር ነበር። ፕሮክሎስ ዓለም መጀመሪያ የለውም ብሎ 18 ማስረጃዎች ደርድሯል፤ ፊሎፖኖስም ለእያንዳንዱ ተራ በተራ መልስ ሰጠ። ፊሎፖኖስ የፕሮክሎስን ትምህርት ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም። የራሱ መምህር አሞንዮስ የፕሮክሎስ ደቀ መዝሙር ነበር።

ከፕሮክሎስ ጀርባ ግን አርስቶትል ቆሟል። በአርስቶትል ትምህርት “አሁን” የሚባለው ቅጽበት ሁሉ ያለፈውን ዘግቶ የሚመጣውን ይከፍታል። የመጀመሪያው “አሁን” የሚባል ቢኖር እንኳ የሚዘጋው ያለፈ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጊዜ መነሻ ሊኖረው አይችልም። ይህ ክርክር ለስምንት መቶ ዓመታት ያህል ከባድ መሰናክል ሆኖ ኖሯል።

ፊሎፖኖስ አርስቶትልን የሞገተው በራሱ በአርስቶትል ሕግ ነው። አርስቶትል ማለቂያ የሌለው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም፣ ተሄዶም አይዘለቅም ይል ነበር። እንግዲያው ያለፈው ዘመን ማለቂያ ከሌለው ያ ሁሉ ትውልድ አልፎ ተራው እንዴት ሶቅራጥስ ዘንድ ደረሰ? ከሶቅራጥስ ወዲህ የተወለዱትስ ሲጨመሩበት ማለቂያ ከሌለው ቁጥር የሚበልጥ ቁጥር ሊኖር ነው?

ከዚያ ወደ ሰማይ ተመለከተ። በጊዜው ሥነ ፈለክ መሠረት ሳተርን ዙሯን የምትጨርሰው በ30 ዓመት ነው፤ ፀሐይ በዓመት አንዴ ትዞራለች፤ የከዋክብት ሰማይ ደግሞ በየቀኑ። የሳተርን ዙሮች ማለቂያ ከሌላቸው፣ የፀሐይ ዙሮች ሠላሳ እጥፍ፣ የከዋክብቱም ከዐሥር ሺህ እጥፍ በላይ መሆናቸው ነው። አንድ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ከሌላው በዐሥር ሺህ እጥፍ መብለጡ ለፊሎፖኖስ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነበር። ስለዚህ ዙሮቹ መነሻ አላቸው ብሎ ደመደመ።

አርስቶትልን በቀጥታ የተቃወመበት መጽሐፉ ዛሬ የለም። ከክርክሩ ብዙውን የምናውቀው ሊያፈርሰው ከተነሣው ፈላስፋ ከሲምፕሊክዮስ ነው፤ ለመንቀፍ ብሎ ረጃጅም ክፍሎችን ስለ ጠቀሰ ጠብቆ አቆያቸው። 

ፊሎፖኖስ ከጻፈባት ከእስክንድርያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሌላ የቁጥር ጥበብ አለ፤ የዘመን ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ። ቤተ ክርስቲያን ድርሰቱን የምትሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የግእዝ መጻሕፍት የጥንቷን እስክንድርያ ስሌት ጠብቀው እንዳቆዩ አሳይቷል። ስሌቱ ከዓለም ፍጥረት ይነሣል። ለ2018 ዓ.ም. 5,500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመር 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ሲተው የሚገኘው መጠነ ራብዒት 1,879 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9,397 ይመጣል፤ ለሰባት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው፤ የ2018 እንቁጣጣሽም ሐሙስ ዋለ።

ስሌቱ ልክ ስለመጣ ግን የጊዜ መጀመሪያ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የቁስጥንጥንያ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5509 ተነሥተው ይቆጥሩ ነበር፣ አይሁድ ደግሞ ከ3761 ተነሥተው ይቆጥራሉ፤ የሁሉም በዓላት ሥርዓት ይዘው ይውላሉ። የባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር በየ532 ዓመቱ ስለሚመለስ ቀመሩ የሚፈልገው ከዙሩ ጋር የሚገጥም መነሻ ነው። ሐሳበ ዘመን መነሻውን ከእምነት ተቀብሎ ይቆጥራል፤ ፊሎፖኖስ ግን መነሻ መኖሩን በቁጥር ሊያስረዳ ነው የተነሣው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ የተከራከሩት ይህ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ነው።

ክርክሩ በዐረብኛ አዲስ ሕይወት አገኘ። ፊሎፖኖስ በዚያ ያህያ አን-ነሕዊ ተባለ፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋው አል ኪንዲ በባግዳድ ተመሳሳይ ሙግት አቀረበ። የሃይማኖት ሊቁ አል ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 ፈላስፎችን በተቃወመበት ዝነኛ መጽሐፍ የዙሮቹ ቁጥር ሙሉ (ለሁለት የሚካፈል) ነው ወይስ ጎዶሎ ብሎ ጠየቀ። ሙሉ ከሆነ ጎዶሎ ለመሆን አንድ ይጎድለዋል፤ ማለቂያ የሌለው ነገር እንዴት አንድ ይጎድለዋል? ፈላስፋው ኢብን ሩሽድ ከኮርዶባ ሲመልስ፣ ያለፉት ዙሮች አልፈዋል፣ በአንድ ላይ የቆሙ ነገሮች ስላልሆኑ ሙሉም ጎዶሎም አይባሉም አለ።

በፓሪስ የሃይማኖት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ እ.ኤ.አ. በ1270ዎቹ መጀመሪያ ላይ በዚሁ ጉዳይ አጭር ድርሰት ጻፈ። ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በጽኑ ያምን ነበር፤ ይህን በአእምሮ ብቻ ማስረዳት ይቻላል የሚሉትን ግን ተቃወመ። ደካማ ማስረጃ እምነትን ለተሳላቂ አሳልፎ ይሰጣል ብሎ ይሰጋ ነበርና። በሃይማኖት ሰው እጅ የተጻፈ ይህን ያህል ጥንቃቄ ዛሬም ያስደንቃል።

የፊሎፖኖስ የሠላሳ እጥፍ ሙግት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዳከመ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ካንቶር ማለቂያ የሌላቸው ስብስቦች ከራሳቸው ክፋይ ጋር አንድ ለአንድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ አሳየ፤ የሳተርንና የፀሐይ ዙሮችም እንዲሁ ይጣመራሉ። “ተራው እንዴት ደረሰ” የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም።

በፊዚክስ በኩል ደግሞ ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1931 ዓለም ከአንድ ጥንተ ነገር ተነሣ ሲል ጻፈ፤ በዚያ መነሻ ላይ “ጊዜ” የሚባለው ሐሳብ ራሱ ትርጉም እንደማይኖረውም ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያያይዙት ለሜትር አልተደሰተም፤ ሁለቱ እንዲለያዩ ይፈልግ ነበርና። ዛሬ የሚጠቀሰው 13.8 ቢሊዮን ዓመት የጽንፈ ዓለም መስፋፋት ወደ ኋላ ሲሰላ የሚገኝ ዕድሜ ነው። ወደ መነሻው ሲጠጉ የአይንስታይን ቀመሮች መሥራት ያቆማሉ። በዚህም የተነሣ ጊዜ ከዚያ ጀመረ የሚሉ ሞዴሎችና ከዚያ በፊት የመኮማተር ዘመን ነበር የሚሉ ሞዴሎች በፊዚክስ መጽሔቶች ጎን ለጎን ይታተማሉ።