ቤቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ከማን ጋር ይደራደራል?

ወገኖቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ስደተኛ በሚበዛባቸው ሰፈሮች አብዛኞቻችን የምንሠራው አምስት ስድስት ሰው በሚቀጥሩ ትንንሽ ቤቶች ነው፤ ምግብ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ጋራዥ። እንዲህ ያለ ቤት ሲዘጋ ደወል አይደወልም። ማታ የተዘጋው በር ጠዋት ሳይከፈት ይቀራል፤ የወሩ ደመወዝም አብሮ ይቀራል። ሠራተኞቹን ስትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ማኅበር የለን፣ ውል የለን፣ ማንን እንጠይቅ?»

ማኅበር የትልቅ ፋብሪካ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ታሪክ አለው።

ከአገራችን እንጀምር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ በ1956፣ አዋጅ ቁጥር 210 ወጥቶ ሠራተኛው ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር የመደራደር መብቱ በሕግ ታወቀ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ሕጉ ግን በሩ ላይ ቁጥር ለጠፈ፦ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ያስፈልጋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የምድር ባቡር ሠራተኛ ይህን ቁጥር ያለ ችግር ያልፋል። ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የጋራዡ ልጅ ግን ደጅ ቀረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሕጉም ሃምሳ ካልሞላችሁ እያንዳንድህ ለብቻህ ተሸከም ያለ ይመስል ነበር።

የተደራጁት ምን ማድረግ እንደሚችሉ በየካቲት 1966 ታየ። ኮንፌዴሬሽኑ የካቲት 28 ቀን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ መንግሥትም ከሠራተኛው ጋር ጠረጴዛ ለመቅረብ ተገደደ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ በራሱ ቁጥጥር ሥር ያለ ማኅበር ተካበት። ቆይቶ በ1985 በወጣው አዋጅ ቁጥር 42 የሚፈለገው ቁጥር 20 ነበር። በ1996 በአዋጅ ቁጥር 377 ወደ 10 ወረደ። ከ50 ወደ 10 ለመውረድ 40 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በዚያው አዋጅ ከ10 ሰው በታች ባሉባቸው የተለያዩ ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው አንድ የጋራ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉም ተጻፈ። ይህቺን አንቀጽ ያዙልኝ፤ የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነገር እሷ ናት።

የትንንሽ ቤቶች ሠራተኞች ሲሰባሰቡ ምን እንደሚሆን አሁን የምንኖርባት ኬንያ ቀደም ብላ አይታለች። ማካን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1913 ፑንጃብ ተወልዶ በልጅነቱ በ1927 ናይሮቢ ገባ። አባቱ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበራቸው፤ እሱም እዚያው ሠርቷል። በኬንያ ታሪክ ታላቅ ከሚባሉት የሠራተኛ መሪዎች አንዱ የትንሽ ቤት ባለቤት ልጅ ነበር፤ የባለቤቱንም የሠራተኛውንም ጭንቀት ከቅርብ ያውቃል።

በ1935 የህንዳውያን የነበረውን ማኅበር ይመራ ጀመር። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ስሙን ቀይሮ በሩን ለማንኛውም ዘር ክፍት አደረገ። በ1937 የናይሮቢ የእጅ ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ። አድማው 62 ቀን ቆየ። በመጨረሻ አሠሪዎቹ የደመወዝ ጭማሪ ተቀበሉ። የቅኝ ግዛቱ መንግሥትም በዚያው ዓመት የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ አወጣ።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «እንዴት አሸነፉ?» ይላሉ። እኔ የማየው እንዲህ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ አራት ሰዎች ብቻቸውን ቢጠይቁ ባለቤቱ ሌላ አራት ይቀጥራል። እሺ ብሎ ቢጨምር ደግሞ ጎረቤቱ በርካሽ እያሠራ ዋጋ ይሰብርበትና ቤቱን ያዘጋዋል። ጥያቄው ለሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሲቀርብ ግን ሠራተኛው በቀላሉ አይተካም፣ ደህና የሚከፍለውም ባለቤት ብቻውን አይጎዳም። «ማኅበር ትንሽ ቤት ያዘጋል» ለሚሉን መልሱ ይኸው ነው። ለሁሉም እኩል የሆነ ስምምነት ሐቀኛውን ባለቤት ጭምር ይጠብቃል።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ማካን ሲንግ በግንቦት 1950 ተይዞ እስከ ጥቅምት 1961 ድረስ ታሰረ። ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ ሎኪታውንግ ነው። ካኩማ ያላችሁ ልብ በሉ፤ ሎኪታውንግ እዚያው ቱርካና ውስጥ ናት።

ዛሬስ? በ2007 የወጣው የኬንያ የቅጥር ሕግ አንቀጽ 40 አሠሪው ሥራው ቀርቷል ብሎ ሠራተኛ ሲያሰናብት ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሠራተኛው የማኅበር አባል ካልሆነ ማስጠንቀቂያው ለራሱ በጽሑፍ፣ እንዲሁም ለአካባቢው የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ የ15 ቀን ደመወዝ ይከፈላል፤ አራት ዓመት የሠራች አስተናጋጅ የ60 ቀን ደመወዝ አላት ማለት ነው። ቤቱ የተዘጋው በኪሳራ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ለዚያም ሕጉ የተለየ ክፍል አለው። የጽሑፍ ውል ማዘጋጀትም የአሠሪው ግዴታ ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል።

ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አውቃለሁ። ወረቀት ያልተሟላለት ሰው ቢሮ ገብቶ መናገር ይፈራል። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትሂዱ የምለው። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀንና የተስማማችሁበትን ደመወዝ ዛሬውኑ ጻፉ፤ የኤም-ፔሳ መልእክቶቻችሁን አታጥፉ። ከጎን ቤት ከሚሠሩት ጋር ቤቱ ክፍት ሳለ ተነጋገሩ። ከባለቤቱም ጋር በአክብሮት ተቀመጡ፤ ኪራዩ ከብዶት እንደሆነ ቀድማችሁ ብትሰሙ ለሁላችሁም ይሻላል። በሩ ከተቆለፈ በኋላ የሚደረግ ድርድር ከቁልፍ ጋር ነው።

በትንሽ ቤት ለሚሠራ ለምታውቁት ሰው አጋሩልኝ። የእናንተን ሰፈር ተሞክሮ ደግሞ ከሥር ጻፉ፤ አነባለሁ።