ቻርጀሩ፣ ጫማውና የሚኒባሱ ታርጋ

ኮሶዬን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጎንደር ተነሥታችሁ የደባርቁን መንገድ ይዛችሁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ስትወጡ፣ ብርዱ ከሰው ቀድሞ ይቀበላችኋል። በአንድ በኩል ገብስና ነጭ ሽንኩርት፣ በሌላው በኩል ገደል። ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳ ሣሩን እየነጨ ይውላል፤ ፈረንጅ መጣ ብሎ ቀና አይልም።

እዚያ ገደል አፍ ላይ እንግዳ ተቀብሎ የሚያስጎበኝ አንድ ሰው አለ። ስሙ ይቆየን፤ አስጎብኚው እንበለው። አንዱ እንግዳ ሲሄድ የተወለት ካሜራ አለው። ጭላዳውን ያነሣበታል፣ እንግዳውን ያነሣበታል፣ ሠርግ ሲገኝም ሠርግ ያነሣበታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩን አቃጠለው። ጎንደር ፒያሳ ጠየቀ፣ የለም። መርካቶ አስፈለገ፣ “ሞዴሉ አርጅቷል” ተባለ። ስቱትጋርት ያለችው የአክስቱ ልጅ ግን በስልኳ ፈልጋ በአንድ አፍታ አገኘችው። በ15 ዩሮ።

“እኔ እከፍለዋለሁ ወንድምዓለም፤ አድራሻህን ብቻ ንገረኝ” አለችው።

“ኮሶዬ ነዋ!”

“እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ተወልጄበታለሁ። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የፖስታ ኮድ ሙሉ ነው የሚለኝ።”

“መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው። ቁጥር ከፈለገ ዜሮ ሙይበት።”

ዜሮ ሞላችበት። ሻጩ ግን ወደ ኢትዮጵያ አልልክም አለ። እሷው ቤት አስመጥታ እሷው ልትልከው ሆነ። እንግዲህ ሁለት በር ተከፈተላት፤ በግል ኩሪየር ወይስ በፖስታ? ኩሪየሩ 60 ዩሮ ጠየቃት፣ ፖስታው 10።

እዚህ ላይ ጥቂት ላቁማችሁ፤ ይህ የሁለት በር ነገር ከመልኩ የተለየ ነው። ዲኤችኤል የሚባለውን ቢጫ መኪና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. ሦስት አሜሪካውያን ሲጀምሩት አውሮፕላን አልነበራቸውም። የመርከብ ጭነት ሰነድ በሻንጣ ይዞ ከሳን ፍራንሲስኮ ሆኖሉሉ የሚበር ሰው ነበር ሥራቸው። ሰነዱ ከመርከቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ወረቀቱ አልቆ ይጠብቀዋል። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱ የክንፍ ብቻ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የሚፈጀውን ጊዜ ቀድሞ መጨረስ ነበር ጥበቡ። ዛሬ የዚያ ድርጅት ባለቤት ማን ነው ብትሉ የጀርመን ፖስታ ነው። የግሉ ፖስታውን አሸነፈ ሲባል ከሰማችሁ ይህን አስታውሱ።

ፖስታ ደግሞ ሌላ ሃይማኖት ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ፤ ቴምብሮቹ ፓሪስ ታትመው መጡ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ኅብረቱ በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ ሲመሠረት የተስማማው፣ ዓለም ለፖስታ አንድ ግዛት ይሁን ብሎ ነው። የጀርመኑ ፖስታ ጥቅሉን ለእኛው ያስረክባል፤ የእኛው ተቀብሎ ያደርሳል፤ ሒሳቡን እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። በዚህ ሒሳብ የተነሣ ትልልቆቹ አገሮች ሲነታረኩ ኖረዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ኅብረቱ ልዩ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አድርጎ ነበር፤ አሜሪካም ጥዬ እወጣለሁ ብላ በዓመቱ ጄኔቭ ላይ በስንት ድርድር ቀረች። የኮሶዬው ባለ 10 ዩሮ ጥቅል የሚጓዘው በዚህ ሁሉ ስምምነት ትከሻ ላይ ነው።

የአክስቱ ልጅ በኮሶዬ ትምህርት ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር አድርጋ በፖስታ፣ በአደራ ላከችው። ቁጥር ሰጧት፤ 13 ምልክት ያለው፣ በሁለት የላቲን ፊደል ጀምሮ፣ ዘጠኝ አኃዝ አስከትሎ፣ በጀርመን ምልክት የሚያበቃ። ከዘጠኙ የመጨረሻው አኃዝ የሌሎቹ ዘበኛ ነው፤ አንዱን ብትሳሳቱ ሒሳቡ አይገጥምም።

በዚያው ሰሞን የነጭ ሽንኩርት ነጋዴው ልጅ፣ ሯጭ ነኝ የሚለው፣ አሜሪካ ያለ ወንድሙ የሩጫ ጫማ በኩሪየር ላከለት። ጫማው 120 ዶላር፣ መላኪያው 80። በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ! ኮሶዬ ሙሉ ስለ ኩሪየር አወራ። አስጎብኚውን አላስቀመጡትም፤ “ያንተስ በበቅሎ ነው እንዴ የሚመጣው?”

ከዚያ ጠረጴዛው መጣ። ከኩሪየሩ ስልክ ተደወለ፤ የግዢ ደረሰኝ ይላኩ፣ መታወቂያ ይላኩ፣ ቀረጡ ይህን ያህል ነው። ልጁ የቀረጡን ስሌት ሲሰማ አፉን ያዘ። ጉምሩክ የሚነሣው ከጫማው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ ነው። 120 የነበረው መነሻው ላይ 200 ሆነ። ቀረጥ በዚያ ላይ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ። ለፍጥነቱ አንዴ ለኩሪየሩ ከፈለ፣ ሁለተኛ ለመንግሥት ከፈለ። በእኔ አስተያየት ኩሪየርን የሚያስወድደው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አይጻፍም።

ጫማው ጎንደር ደረሰ። ከጎንደር ኮሶዬስ? ኩሪየሩም ፖስታውም እዚያ ቆመዋል። አጎቱ ጥቅሉን ተቀብሎ አምባ ጊዮርጊስ ለሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ሰጠና፣ “ታርጋውን ጻፍ” ብሎ ለልጁ ደወለ። የእኛ አገር የመከታተያ ቁጥር እሱ ነው። ዘበኛ አኃዝ የለውም፤ ግን ሹፌሩን ሁሉም ያውቀዋል። ጥቅሉ ሲፈታ ጫማው በአንድ ቁጥር ጠበበ። ይመለስ እንዳይባል መመለሻው ከጫማው ይብሳል። ታናሽ ወንድሙ ዛሬም ይሮጥበታል።

ቻርጀሩስ? በነሐሴ አገር ታወከ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፤ ለወራትም ቀረ። 13 ምልክት በእጁ ይዞ ማየት አልቻለም። ድምፅ ግን ይሠራ ነበርና ወደ ስቱትጋርት ይደውላል፤ የአክስቱ ልጅ ከፍታ ታነብለታለች። “አዲስ አበባ ገብቷል፤ ጉምሩክ ነው።” ሳምንት ቆይቶ፣ “አሁንም ጉምሩክ ነው።” አዲስ አበባ ያለ ጥቅሉን ወሬ ከጀርመን ይሰማል።

ጠላ ቤት ውስጥ ይህ ሲወራ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። “ቴዎድሮስስ?” አሉ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ለእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው ተራራ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ በየካቲት ለንደን ገባ። በዚያ ዘመን በእግርና በመርከብ አራት ወር! ከገባ በኋላ ግን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተኛ። ካሜሮን በታኅሣሥ 1856 ታሰረ፤ መልሱ በመልእክተኛው በራሳም እጅ ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በጥር 1858 ነው። የመቅደላው ጦርነት በ1860 ሆነ። “መንገዱስ አደረሰው፤ ጠረጴዛው ነው የበላው። አንተ ደግሞ ለቻርጀር ታለቅሳለህ!” አሉት። አስጎብኚው ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

መስከረም አልፎ በትምህርት ቤቱ ሳጥን ቁጥር ማስታወቂያ ወጣለት። መንገድ በተከፈተ ቀን ወደ ጎንደር ወረደ፤ ፒያሳ ያለው፣ ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት ገባ፤ መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ወሰደ። ጥቅሉ አልተነካም። የከፈለው ከጫማው ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ቀን የተቆረጠለት ሰነድ ከሆነ ኩሪየር፤ ቢዘገይ ግድ የማይሰጥ ትንሽ ዕቃ ከሆነ ፖስታ በአደራ።

ቤቱ ደርሶ ቻርጀሩን ሰካ። መብራቱ በራ። ባትሪው ግን ወራት ባዶውን ተቀምጦ ኖሮ አልያዝ አለ።

ወደ ስቱትጋርት ተደወለ። አሁን ሁለቱም በር ተዘጋ፤ ብቻውን የሚላክ ሊቲየም ባትሪ እሳት ያነሣል ተብሎ በዓለም አቀፍ ፖስታ ክልክል ነው፤ ኩሪየሮቹም ከግለሰብ አይቀበሉትም። የተፈቀደው ተሳፋሪ በእጅ ሻንጣው ይዞት እንዲገባ ነው፤ ከታች በሚጫነው ውስጥ እንኳ አይደለም።

“ለጥምቀት የምትመጣ ጓደኛ አለችኝ፤ በቦርሳዋ ትይዝልሃለች” አለችው። “ግን ለሰው አታውራ፤ ባለፈው ሰምተው የሁሉም ዘመድ ላከባት፤ ሻንጣዋ 23 ኪሎውን አልፎ የገዛ ልብሷን አውጥታ ነው የመጣችው።”

“ማንም አይሰማም እህቴ” አላት። ይህን ሲላት የሽንኩርት ነጋዴው ልጅ አጠገቡ ቆሞ፣ የጫማውን ትክክለኛ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዟል።