ሜክሲኮ ላይ ቆሞ የባሕር አውሮፕላን ፍለጋ

ቅዳሜ ረፋድ ሜክሲኮ ላይ የታክሲው ረዳት «ኦልድ ኤርፖርት! አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ይጣራል። የትኛው ኤርፖርት ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ቤቱ ልደታ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ ጄቶች መጡ፤ የልደታ ማኮብኮቢያ አልበቃቸው አለና ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ቦሌ ገባ። ለሰፈሩ የተረፈው ረዳቱ የሚጣራበት ስም ነው።

እኔ የምፈልገው ግን ሌላ አውሮፕላን ነው፤ ውሃ ላይ የሚያርፈውን። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው «ሜክሲኮ ላይ ከክረምት ጎርፍ በቀር ምን ውሃ አለና?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዚሁ አንድ ፌርማታ አልፎ፣ ለገሀር ላይ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ አደረሳቸው። የስደቱ መንገድ ባቡርና መርከብ እንደነበረ አብዛኛው ሰው ያውቃል። የመመለሻው የመጀመሪያ እርምጃ በምን እንደተጀመረ ግን ብዙ ሰው ጠይቄ አንድ ብቻ መለሰልኝ፤ እሱም ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ገብታ፣ ፈረንሳይ እጇን በሰጠችበት ሳምንት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ጠረፍ በአንድ ሰንደርላንድ ተሳፈሩ። ሰንደርላንድ አራት ሞተር ያለው፣ ሆዱ እንደ ጀልባ የተሠራ የጦር አውሮፕላን ነው፤ ውስጡ ሁለት ፎቅ፣ መኝታና ወጥ ቤት ሳይቀር ነበረው። የጉዞው ስማቸው «ሚስተር ስትሮንግ» ነበር። አብረዋቸው ከነበሩት መካከል ሎሬንዞ ታእዛዝ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ ሲዘግብ የነበረው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ይገኙበታል። ሌሊቱን በፈረንሳይ ሰማይ አለፉ፤ ማልታ ነዳጅ ቀዱ፤ እስክንድርያ ውሃ ላይ አረፉ።

ለምን በባሕር አውሮፕላን? መልሱ ቀላል ነው። የፈረንሳይ ሜዳዎች ተዘግተዋል፤ ረጅም የሚበር፣ ማኮብኮቢያ የማይለምን ነገር ያስፈልግ ነበር። ለሰንደርላንድ ጸጥ ያለ ወደብ ይበቃዋል። ከእስክንድርያ ጉዞው ወደ ዋዲ ሃልፋ ቀጠለ። የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት እንግዳው ድንገት ስለመጣባቸው ደስ አላላቸውምና እዚያ ጥቂት ቀን አቆዩዋቸው። ጃንሆይ የተቀመጡት ከዓባይ ዳር ነበር፤ ያ ውሃ ደግሞ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትንሽ እደነቃለሁ፤ ጃንሆይም አስበውት ይሆን እላለሁ። ካርቱም ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ደረሱ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ።

ኦሜድላን በስም የማያውቅ የለም። ያን በራሪ ጀልባ የሚያስታውስ ሐውልት ቀርቶ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሰሌዳ እንኳ በከተማችን አላየሁም።

በዓለምም ቢሆን የባሕር አውሮፕላን ዕድሉ ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1910 ማርሴይ አካባቢ ከውሃ ላይ በሞተር ተነሥቶ ከበረረ በኋላ፣ ለ30 ዓመት ያህል የወደፊቱ ጊዜ የእሱ ይመስል ነበር። አንዳንዱ በእግሩ ፈንታ ተንሳፋፊ ታንኳ ተገጠመለት፤ አንዳንዱ ራሱ ጀልባ ሆነ። የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በዓባይና በሐይቆቹ ላይ እያረፈ እስከ ደርባን የሚወርድ መሥመር ዘረጋ። ለዚህና ለሌሎች መሥመሮቹ 42 ትልልቅ በራሪ ጀልባዎች ተሠሩ፤ ዛሬ አንድም አልተረፈ። ጨው ብረት ይበላል፤ ጦርነቱ ደግሞ በየአገሩ ማኮብኮቢያ አንጥፎ ሄደና ውሃ የሚፈልግ ጠፋ። እንደ አሮጌ መኪና ጓሮ ውስጥ ሸፍነህ አታስቀምጠው ነገር፣ ቤት የሚያክል ዕቃ ነው። ተቆራርጦ ለብረት ተሸጠ።

ጣሊያኖች ከሁሉ የበለጠ ጠብቀዋል ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ እንደገና ወደ እኛ የሚዞረው።

ከሮም ሰሜን ብራቻኖ የሚባል ሐይቅ አለ። ዳርቻው ላይ ቪኛ ዲ ቫሌ የተባለ የድሮ የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1977 የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ሆነ። እዚያ ከተቀመጡት አንዱ ቀዩ ማኪ 72 ነው። ፍራንቼስኮ አጄሎ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1934 ጋርዳ ሐይቅ ላይ በሰዓት 709 ኪሎ ሜትር በረረበት፤ ፒስተን ሞተር ባላቸው የባሕር አውሮፕላኖች መካከል እስከ ዛሬ የሚቀድመው የለም። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ወልወል ላይ በእኛና በጣሊያኖች መካከል ተኩስ ተከፈተ። አንባቢ ልብ ይበል፦ ያ ሁሉ ፍጥነትና ያ ሁሉ ገንዘብ የሚፈስበት አየር ኃይል ሊመጣብን ሲዘጋጅ፣ እኛ አገር ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ትንሽ አውሮፕላን እየገጣጠመ ነበር። ስሟ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ግድም በረረች።

ጣሊያኖች አዲስ አበባ ሲገቡ ወሰዷት። ዕድሜዋን ከቀዩ ማኪ ጋር በአንድ ሙዚየም፣ በባሕር አውሮፕላኖቹ ሐይቅ ዳር ጨረሰች ብለን ስናዝን በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ማን ዘረፈን የሚለውን ቁጣ አልሸሽም። ይሁንና የጠበቋት እነሱ ናቸው፤ ያን ዘመን እዚሁ ብትውል ኖሮ ለቆርቆሮ ተሸጣ ይሆናል ብል ማንም በሙሉ ልብ አይከራከረኝም። ዘራፊው ጠባቂ ሆኖ ሲገኝ ምስጋናውም እርግማኑም አፍ ላይ ይቀራል።

ዘርፎ ያልወሰደ ጠባቂም አለ። ቫልተር ሚተልሆልትሰር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1926 ከዙሪክ በዶርኒየር የባሕር አውሮፕላን ተነሥቶ፣ ዓባይን ተከትሎ፣ ከሐይቅ ሐይቅ እየዘለለ በየካቲት 1927 ኬፕታውን ገባ። ዝናውን ያገኘው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ለጃንሆይ የተሸጠ ፎከር አውሮፕላን ሊያስረክብ አዲስ አበባ መጣ፤ ይኼኛው ጎማ ያለው ነበር። ሰውየው አብራሪ ብቻ ሳይሆን ካሜራ የማይለቅ ፎቶግራፍ አንሺ ነበርና ከተማችንን ከላይ አንሥቶ ሄደ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተራራ ላይ ሞተ፤ ፎቶዎቹ ዙሪክ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ዛሬ በስልክ ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ የሚያስከፍል የለም።

እኔም ታክሲ እየጠበቅሁ የማያቸው እነሱን ነው። ባሕር ዛፍ፣ የሣር ክዳን፣ ቆርቆሮ፣ ጠመዝማዛ መንገድ። መግለጫቸው ጀርመንኛ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከ«አዲስ አበባ» በቀር የሰፈር ስም የላቸውም። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ቦታውን የሚያውቅ ካለ አስተያየት ይጻፍልን ይላል፤ የስዊስ ጡረተኞች የገዛ መንደሮቻቸውን ፎቶ በዚህ መንገድ አንድ በአንድ እየለዩ ስም ሰጥተዋል።

የሚመጣው ቅዳሜ ታክሲ አልይዝም። በተግባረ ዕድ አድርጌ በእግሬ ወደ ልደታ ማርያም እወርድና፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ለሚሞቁት አባቶች ስልኩን አቀብላቸዋለሁ። መነጽር ይዘው እንዲመጡ ከወዲሁ አስነግሬያለሁ።