የስልክ ማከማቻ ቦታ አያያዝ

የስልክ ማከማቻ አያያዝ ፎቶ፣ ቪዲዮና መተግበሪያ እየለዩ በማስቀረት፣ በማዛወር ወይም በማጥፋት በስማርት ስልክ ላይ ባዶ ቦታ የማስገኘት ሥራ ነው። ማከማቻው ሲሞላ ካሜራው አዲስ ምስል መያዝ ያቆማል፤ መተግበሪያዎችን ማደስም ይከብዳል።

ብዙ ቦታ ከሚይዙት አንዱ በቴሌግራም የታየ ቪዲዮ በስልኩ ላይ የሚተወው ጊዜያዊ ቅጂ (ካሽ) ነው። ቅጂው ከቅንብሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ዋናው በቴሌግራም ሰርቨር እስካለ ድረስም ተመልሶ ይወርዳል።

መልሶ ማውረድ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ እንደ ወልድያና የሀብሩ ወረዳዋ መርሳ ባሉ ከተሞች አስፈላጊ ፋይልን ከማጥፋት በፊት ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ መገልበጥ ይመረጣል። የተሰረዘ ፎቶ በብዙ ስልኮች ከቆሻሻ መጣያው እስኪወገድ ድረስ ቦታ አይለቅም።