የአይሁድ ነጋዴዎች በናዚ አገዛዝ ሥር፦ በሕግ ስም የተፈጸመ ዝርፊያ

ስለ ናዚ ጀርመን ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያን ያለቁበት ጭፍጨፋ ነው። ይሁን እንጂ ጭፍጨፋው በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። የጀርመን አይሁዳውያን ሕይወታቸውን ከማጣታቸው ከዓመታት በፊት ሱቃቸውን፣ ፋብሪካቸውንና የባንክ ገንዘባቸውን አጥተዋል። ይህም በአብዛኛው የተፈጸመው በጠራራ ፀሐይ፣ በፊርማና በማኅተም ነበር። ዝርፊያው እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደተካሄደ፣ ክርስቲያኖችም በዚያ ጊዜ የት እንደነበሩ ቀጥሎ እንመለከታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የሱቆቹ አድማ

ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 በጀርመን የነበሩት አይሁዳውያን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር። በእነርሱ ባለቤትነት ሥር ወደ 100,000 የሚጠጉ የንግድ ድርጅቶች ነበሩ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በአብዛኛው ልብስና ጫማ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ።

ኤፕሪል 1 ቀን 1933፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የናዚ ፓርቲ ሕዝቡ ከአይሁድ እንዳይገዛ በመላ አገሪቱ አድማ ጠራ። ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የፓርቲው ታጣቂዎች በየሱቁ በር ቆመው ገዢውን ያስፈራሩ፣ በመስኮቱ ላይም የዳዊትን ኮከብ ይስሉ ነበር። በዚያን ዕለት የፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር አያት፣ የ90 ዓመቷ ዩሊ ቦንሆፈር፣ በታጣቂዎቹ መካከል አልፈው በርሊን ወደሚገኘው ካዴቬ የተባለ ትልቅ መደብር ገብተው ገዝተዋል። አብዛኛው ሰው ግን ዳር ቆሞ ተመለከተ።

2. «በፈቃድ» የተባለው ሽያጭ

አድማው በይፋ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጫናው ግን ቀጠለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአይሁድ ድርጅቶች መግዛት አቆሙ፣ ባንኮች ብድር ከለከሉ፣ ደንበኞች ፈሩ። ባለ ሱቁ ሲደክም ገዢ ይመጣል። ናዚዎች ይህን ንብረቱን «አርያን» ወደሚሉት ጀርመናዊ እጅ ማዛወር ብለው ጠሩት። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ ከንብረቱ እውነተኛ ግምት ከመቶ 20 ወይም 30 እጅ ብቻ ነበር። የቲትዝ ቤተሰብ ንብረት የነበረው «ሄርማን ቲትዝ» የተባለው የታላላቅ መደብሮች ድርጅት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባለቤቶቹ እጅ ወጥቶ «ሄርቲ» የሚል ስም ወጣለት። በ1938 ከአይሁድ ድርጅቶች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ወይ ተዘግተው ወይ ተሸጠው ነበር።

ሸጦ ለመሰደድ የፈለገም ባዶ እጁን ሊቀር ይችል ነበር። በ1931 ከናዚዎች በፊት የወጣ ከአገር የመውጫ ግብር ነበር፤ ናዚዎች ይህን አጥብቀው ከሀብቱ ሩቡን ወሰዱበት። የቀረው በታገደ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ውጭ ገንዘብ ሲመነዘርም አብዛኛው ይጠፋ ነበር።

3. ግልጽ ንጥቂያ

ኤፕሪል 26 ቀን 1938 ከ5,000 ማርክ በላይ ሀብት ያለው አይሁዳዊ ሁሉ ንብረቱን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። መንግሥት የሚወርሰውን አስቀድሞ ቆጠረ ማለት ነው።

ኖቬምበር 9 እና 10 ቀን 1938፣ «የመስታወት ስብርባሪ ሌሊት» በተባለው ጥቃት፣ ወደ 7,500 የሚጠጉ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ 30,000 ያህል ወንዶችም ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ። ሁለት ቀን ቆይቶ የተወሰነው ከዚህ የባሰ ነበር። አይሁዳውያን ራሳቸው የአንድ ቢሊዮን ማርክ ቅጣት እንዲከፍሉ፣ የተሰበረውንም በራሳቸው ወጪ እንዲጠግኑ ታዘዙ፤ የመድን ካሣቸውን መንግሥት ወሰደው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1939 ጀምሮም ሱቅ መክፈትና የእጅ ሙያ መሥራት ተከለከሉ።

በመጨረሻ፣ በኖቬምበር 1941 በወጣ ድንጋጌ፣ ከጀርመን ድንበር የወጣ አይሁዳዊ ሁሉ ዜግነቱንም ንብረቱንም አጣ። በግድ ወደ ሞት የተጋዙትም ድንበር ሲሻገሩ ንብረታቸው ለመንግሥት ሆነ። የቤት ዕቃቸው በሐራጅ ሲሸጥ የገዙት ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

4. ሱቁን ለነፍስ ማዳኛ ያደረገ ሰው

በበርሊን በ1815 የተመሠረተውን የ«ናታን እስራኤል» መደብር ይመራ የነበረው ቪልፍሪድ እስራኤል የብሪታንያ ዜግነት ስለነበረው ቀድሞ መሸሽ ይችል ነበር። እርሱ ግን ቆይቶ ሠራተኞቹና ሌሎች አይሁዳውያን ከአገር እንዲወጡ ሠራ። ከኖቬምበሩ ጥቃት በኋላ ከብሪታንያ ከመጡ የኩዌከር ክርስቲያኖች ጋር ተባብሮ ሕፃናት የሚድኑበትን መንገድ ፈለገ። በዚያ ጥረት 10,000 የሚጠጉ ልጆች ብሪታንያ ገቡ። መደብሩ በ1939 ተወሰደበት። በ1943 ለስደተኞች ሥራ ከሄደበት ከሊዝበን ሲመለስ አውሮፕላኑ በጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ተመትቶ ሞተ።

5. ቤተ ክርስቲያንስ?

በ1934 የወጣው የባርመን መግለጫ ናዚ በቤተ ክርስቲያን ላይ ጌታ መሆኑን በድፍረት ተቃውሟል፤ ስለ አይሁድ ስደት ግን አንዳች አላነሣም። ከኖቬምበሩ ጥቃት በኋላም አብዛኛው መድረክ ዝም አለ። የኦበርሌኒንገኑ ፓስተር ዩሊየስ ፎን ያን ግን በሳምንቱ፣ በንስሐ ቀን፣ ግፉን ከመድረክ አወገዙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሁከተኞች ተደበደቡ፤ ኋላም 16 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመን በ1952 ለእስራኤል 3 ቢሊዮን የጀርመን ማርክ ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን ለመቀበል በሕይወት አልነበሩም።

ወገኖች፣ ይህ ታሪክ የናቡቴን ወይን ያስታውሰናል (1ኛ ነገሥት 21)። በዚያም ደብዳቤ ተጽፏል፣ ማኅተም ተደርጓል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ምስክር ቆሟል። ከወረቀቱ አንጻር ምንም አልጎደለም። አክዓብ ራሱ ድንጋይ አልወረወረም፤ የተዘጋጀለትን ሊወርስ ወረደ እንጂ። ኤልያስም የተላከው እዚያው ወይኑ ቦታ ድረስ ነበር። የባልንጀራችን ንብረት ከእጁ በግፍ ወጥቶ በርካሽ ሲቀርብልን፣ ሕጉ ፈቅዷል ማለት በእግዚአብሔር ፊት መልስ አይሆነንም።